አሥራ አራቱ ካርዶች

ውድ ልጄ፣

እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው። ቦርሳሽን ትከሻሽ ላይ አንጠልጥለሽ፣ ግማሹን እየዘለልሽ እንደምታነቢያቸው ወረቀቶች አታድርጊው። ከዘለልሽ ለኔ የሚመቸኝን ብቻ አንብበሽ ትተዪዋለሽ፤ ዛሬ ደግሞ እንዲመቸኝ አልፈልግም።

ነገ ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የድጋሚ ፈተናው ምዝገባ ይዘጋል። ማክሰኞ ራት ላይ፣ «ተወው አባዬ፣ አልመዘገብም። ለሆስፒታሉም አልመጣም ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። የኔ ጭንቅላት ቋንቋ አይቀበልም» አልሽኝ። እኔም ጎረስኩ። ልጄ፣ ጭንቅላትሽ ምንም አልሆነም። ፈተናውን የወደቅሽው አንቺ አይደለሽም፤ የጣልኩሽ እኔ ነኝ። በእጄ፣ በቡርሼ፣ አስቤበት ነው የጣልኩሽ።

ይኸው አልኩት። አምስት ሳምንት ይዤው ነበር። ትናንት ማታ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጠርቼሽ፣ አንዴ «ውሃ አቀብዪኝ» አልኩሽ፣ አንዴ ደግሞ «ተይው ረሳሁት» አልኩሽ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ዝርዝሩንም እነግርሻለሁ፤ ካልነገርኩሽ «አባዬ ሊያጽናናኝ የፈጠረው ነው» ብለሽ ታልፊዋለሽ።

የስፓኒሽ መምህርትሽ የሰጡሽን የቃላት ዝርዝር ይዘሽ የገባሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? ከባሕር ማዶ ያለው ሆስፒታል በነርስነት መርጦሻል፣ ቦታሽ ተይዟል፣ የቀረሽ ነገር የጀማሪ ስፓኒሽ የቃል ፈተና ማለፍ ብቻ ነበር። መቶ ሃያ ቃል ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሽና፣ «አባዬ፣ በዚህ ቋንቋ ዕቃ ሁሉ ወይ ወንድ ነው ወይ ሴት» አልሽኝ።

«የኛስ ያው አይደለም እንዴ?»

«የኛማ እንደ ሆዳችን ነው። ስንወዳት ‹ትንሿ ቤታችን› እንላለን፣ ጣሪያው ሲያፈስ ‹ይሄ የማይረባ ቤት› እንላለን። እነሱ ዘንድ ግን አንዴ ተወስኗል። ብትወደውም ብትጠላውም ያው ነው።»

«ወንበርስ?»

«ሴት ናት። ላ ሲያ።»

«ጠረጴዛ?»

«ሴት። ላ ሜሳ።»

«በር? መስኮት? አልጋ?»

«ሁሉም ሴቶች።»

«በዚህ ቤት ወንድ እኔ ብቻ ቀረሁ በይኛ።»

«መስታወቱ አለልህ። ኤል ኤስፔሆ። ከሱ ጋር ተጫወት» አልሽኝና ሁለታችንም ሳቅን። እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ የሳቅንበት ቀን ብዙ አይደለም።

ከዚያ ቅጽሉን አስረዳሽኝ። ስሟ ሴት ከሆነች ቅጽሏም አብራ እንደ ሴት ትለብሳለች አልሽ፤ ነጭ ወንበር ሲያ ብላንካ፣ ነጭ ብርጭቆ ግን ባሶ ብላንኮ። አንዳንዱ ቅጽል ደግሞ ለሁለቱም አይለወጥም፤ ትልቅ ለማለት ለወንዱም ለሴቷም ግራንዴ ነው። «በኦ የሚያልቀው አብዛኛው ወንድ ነው፣ በአ የሚያልቀው አብዛኛው ሴት ነው። ችግሩ በሌላ የሚያልቀው ነው። ምልክት የለውም። በዓይን እስኪለመድ ድረስ ደጋግሞ ማየት ነው እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ይህን ከሁሉም በላይ አስታወስኩት። ለምን እንደሆነ ትደርሽበታለሽ።

ካርዶቹን የምጽፈው እኔ እንድሆን የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። «የኔ ጽሑፍ የሐኪም ነው፣ ያንተ ግን ከሩቅ ይነበባል» ብለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ታፔላ ጽፌ አንድ ፊደል አልሳትኩም፤ ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የጥርስ ሐኪሙ፣ ፎቶ ቤቱ፣ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው፣ ሁሉም በኔ እጅ ነው የተጻፉት። በማላውቀው ቋንቋ ቢመጣልኝ እንኳ ፊደሉን እንደ ሥዕል አይቼ እገለብጣለሁ። የመሰለኝን ሳይሆን የተሰጠኝን ነው የምጽፈው። ሌላው ታፔላ ጻፊ ሲሳሳት በኔ ስም ይቀለድበታል፣ «ሽማግሌው ጋ ብትወስደው ኖሮ» ይባላል።

ለሴቶቹ ቀይ ካርቶን፣ ለወንዶቹ ሰማያዊ ካርቶን ቆረጥኩ። ቤቱን ሞላነው። ለአካልና ለበሽታ ስሞች ደግሞ በክፍልሽ በር ላይ በትልቅ ካርቶን ቁመቱ የኔን የሚያህል ሰው ሣልኩልሽ፤ ግንባሩ ላይ ትኩሳት፣ ጉሮሮው ላይ ሳል፣ ክርኑ ላይ የቆሰለ ቦታ ሠርቼ ደም ለጠፍንበት። ጠዋት ጠዋት ጥርስሽን እየፋቅሽ ከሱ ጋር ታወሪ ነበር። ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ በር ላይ ስትደርሺ፣ «ጠይቀኝ» ትዪኛለሽ፤ እኔም እጠይቅሻለሁ። ለመጠየቅ ስል እኔም ተማርኩ። ጨውን ሳል ብለው የሚጠሩ ሰዎች አገር ልትሄድ ነው እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ኩራቴን አትጠይቂኝ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ አባት ነበርኩ። አሁን የቀረውን ስሚ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ቀለም አልቆብኝ ከታፔላ ሱቄ ቀድሜ ወደ ቤት መጣሁ። አንቺ ኩሽና ሆነሽ ከጓደኛሽ ጋር በስልክ ትነጋገሪያለሽ። በሩ ገርበብ ብሏል። «ውሉ አምስት ዓመት ነው። ለአባዬ ሁለት ነው ያልኩት። አምስት ካልኩት እዚያው ቁጭ ብሎ ያረጃል» ስትዪ ሰማሁሽ። ቀለም ያለበትን እጄን በሩ ላይ ሳላሳርፍ ወደ ኋላዬ ተመለስኩና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ደሜ ፈላ። መሄድሽ አይደለም ያናደደኝ፣ ወይም ያኔ እንደዚያ መሰለኝ። እንደ ሕፃን የምታታልይኝ መሆንሽ ነው። ሁለት ዓመቱን ቆጥሬው ነበር እኮ፤ ስትመለሺ የስንት ዓመት ሰው እንደምሆን፣ ዓይኔ እስከዚያ ቡርሽ ይዞ መሥራት ይችል እንደሆን ሁሉ አስልቼ ጨርሼ ነበር። አምስት ዓመት ሲሆን ስሌቱ አልወጣ አለኝ። ገብተሽ «ሰላም ዋልክ?» ስትዪኝ «ደህና» አልኩሽ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ደውለሽ፣ «ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ያሉት ካርዶች በእንፋሎት ተበላሽተዋል፤ በር ላይ ያሉትም ጠርዛቸው ተነሥቷል። ጊዜ ካለህ ደግመህ ጻፍልኝ» አልሽኝ። ጊዜ ነበረኝ። ዝርዝሩን ዘረጋሁ፣ ካርቶን ቆረጥኩ፣ ቡርሼን አነሣሁ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ያህል እንደተሰጠኝ ጻፍኩ። ከዚያ ላ ሌቼ፣ ወተት፣ ላይ ደረስኩ። ቀዩን ካርቶን አስቀምጬ ሰማያዊውን አነሣሁና ኤል ሌቼ ብዬ ጻፍኩ።

ፊደሉ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ደግሞም ዝም ብዬ ያገኘሁትን አልቀየርኩም። በኦና በአ የሚያልቁትን አልነካሁም፤ እነሱን ብነካ ገና ስታዪው ትነቂብኝ ነበር። ምልክት የሌላቸውን፣ «በዓይን እስኪለመድ ድረስ ደጋግሞ ማየት ነው» ያልሽኝን ብቻ እየመረጥኩ ለወጥኩ። አሥራ አራት ካርድ። አብዛኞቹ ደግሞ በሥራሽ በየቀኑ የምትጠሪያቸው ናቸው። ያስተማርሽኝን ትምህርት ይዤ አንቺኑ ወጋሁሽ። ማታ ገብተሽ ካርዶቹን እያየሽ፣ «ኧረ እንዴት ያምራሉ» ብለሽ ግንባሬን ሳምሽኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተሳምኩ።

መምህርትሽ ቢኖሩ ኖሮ በሁለት ቀን ይይዙኝ ነበር። ግን ትምህርቱ አልቆ፣ እሳቸውም እህታቸው ታማባቸው ሌላ ከተማ ሄደው ነበር። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል፤ የቀረሽ አስተማሪ እኔና ግድግዳው ነን።

አንዱን ቀን ብቻ ልንገርሽ፤ ሌሎቹም እንደሱ ናቸው። ከሥራ ገብተሽ ጫማሽን እያወለቅሽ ነበር።

«ትኩሳት» አልኩሽ።

«ላ ፊዬብሬ» አልሽ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ።

«እስቲ ካርዱን እዪው።»

ወደ ሥዕሉ ዞርሽ። ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ካርድ፣ ኤል ፊዬብሬ አልቶ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ይላል። ቅንድብሽ ተሰበሰበ። አንድ ጫማ አድርገሽ አንድ እግርሽ ባዶውን ሄደሽ ደብተርሽን አመጣሽ።

«ደብተሬ ላይ ላ ነው የሚለው፣ አባዬ። ‹አልታ› ብዬም ጽፌአለሁ።»

«በጥድፊያ ስትጽፊ ተሳስተሽ ይሆናል። እኔ ከዝርዝሩ ነው የገለበጥኩት።»

«ዝርዝሩስ የታል?»

«ውሃ ፈሰሰበትና ጣልኩት።»

ሱቄ ውስጥ፣ የቀለም ቆርቆሮ ሥር ነበር። አንቺ ለአፍታ ደብተሩንም ካርዱንም አየሽ። ስልክሽ እጅሽ ላይ ነበር፤ እሱ ላይ ማየት ትችዪ ነበር። አላየሽም። «አንተማ አትሳሳትም» አልሽና እስክሪብቶ አንሥተሽ ትክክለኛውን ሰረዝሽው። ከዚያ፣ «ይቅርታ፣ እኔው ነኝ» አልሽኝ። እኔን ይቅርታ ጠየቅሽኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «በርቺ» አልኩሽና ቀጣዩን ጠየቅኩሽ።

በፈተናው ቀን አብሬሽ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ የብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በሩ ሲዘጋብሽ የመጣብኝን ስሜት ምን ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። ብታልፍስ ብዬ ፈራሁ፤ ወዲያው ደግሞ ብትወድቅስ ብዬ ፈራሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሁለቱን እያፈራረቅኩ ፈራሁ። ስትወጪ ፊትሽ ነጥቶ ነበር። ፈታኙ አልጋ ላይ የተኛ በሽተኛ ሥዕል አሳይተውሽ ያየሽውን ግለጪ ብለውሻል። ትኩሳት፣ ሳል፣ ደም፣ ቆዳ። ማለፊያው ስድሳ ነው፣ ያመጣሽው ሃምሳ ሰባት።

ውጤቱን ቅርጫት ውስጥ ስትጥዪው እኔ አነሣሁት። እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ፈታኙ ከታች እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ተፈታኟ ብዙ ጊዜ በትክክል ትጀምርና ራሷን ወደ ስህተት ታርማለች።» አንቺ ይህን ስታነቢ፣ «አየህ፣ ትክክሉ ሲመጣልኝ እንኳ አባርረዋለሁ» አልሽ። እኔ ሳነበው ግን የራሴን ድምፅ ሰማሁ። «እስቲ ካርዱን እዪው» የሚለውን።

እሺ፣ ያን ጊዜስ ምን ሆንኩ? ደስ አለኝ ልጄ። ልዋሽሽ አልችልም፤ ውሸቱ በቅቶኛል። አንድ ሁለት ቀን ደስ አለኝ። ልጄ አትሄድም ብዬ ለራትሽ ጥሩ ጥሩ ነገር ገዛሁ። አንቺ ሳህኑን ገፋ አደረግሽው።

ካርዶቹን ንቀልልኝ አልሽኝ፤ ነቀልኩ። ይረሳል ብዬ ነበር። ፈተናውን ትረሳለች፣ ሥራዋ አለ፣ ቤቷ አለ፣ እኔ አለሁ ብዬ ነበር። ትናንት ጠዋት ግን የሆነውን አንቺ አታውቂም። እዚያው አንቺ የምትሠሪበት ሆስፒታል የዋርዱን ቁጥር እንዳድስ ተጠርቼ፣ ኮሪደሩ ላይ መሰላል ላይ ነበርኩ። መድኃኒት የምታዘጋጁበት ክፍል በሩ ክፍት ነው። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበርና አላየሽኝም። አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አንሥተሽ አነበብሽ። አስቀመጥሻት። እንደገና አንሥተሽ አነበብሽ። ሦስተኛ ስታነቢ ቡርሼ ቀለሙን እያንጠባጠበ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ አጠገብሽ ላለችው ነርስ ሰጥተሽ፣ «እባክሽ አንቺ አንብቢልኝ» አልሻት።

«ምን ነካሽ? እኛን የምታርሚው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችሽ።

«ዓይኔ ያየውን አላምነውም ሰሞኑን» አልሻት።

ይቺን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አሥር ዓመት ሳይሞላሽ የእናትሽን ኪኒን በሰዓቱ እየለየሽ የምትሰጪ፣ እኔ ስሳሳት «አባዬ እሱ የማታው ነው» ብለሽ ከእጄ የምትቀሚ ልጅ ነበርሽ። ያን የነጠቅኩሽ እኔ ነኝ። ስፓኒሹን ብቻ የነካሁ መስሎኝ ነበር። ከመሰላሉ ወረድኩ። ቁጥሩን በግማሹ ትቼ ወጣሁ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ግማሽ ሥራ ትቼ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

በቀጥታ መምህርትሽ ዘንድ ሄድኩ። ከተመለሱ ሳምንት ሆኗቸዋል። የባዶ ክፍል ሰሌዳ እያጠፉ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ሁሉንም፣ ካርዱንም፣ ደብተሩንም። ሰሌዳ ማጥፊያውን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ ማስተማሬ ነው የጣላት ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስበላ ነበር» አሉኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታውን ከኔ አይጀምሩ። አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?»

እኔም፣ አይ አባትሽ፣ መንገድ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። «እርስዎ ቢነግሯትስ? ዝርዝሩ ላይ የኅትመት ስህተት ነበረበት ቢሏት? ወዲያው ትመዘገባለች፤ እኔም ልጄን አላጣም» አልኳቸው።

ማጥፊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልክ ነው፣ ትመዘገባለች» አሉ። «ግን እቤት ስትገባ የምታምነው ማንን ነው? እርስዎን። እርስዎ ደግሞ ገና አልጨረሱም።»

«አልጨረስኩም ማለት?»

«ካርዱ ካልሠራ ጉልበቴን አመመኝ ይሏታል። እሱ ካልሠራ ልቤን ይሏታል።»

እሁድ ዕለት ደረጃ ስንወጣ እያነከስኩ ክንድሽን የያዝኩት ትዝ ይልሻል? እግሬ ምንም አላለውም ነበር። ቤት ስንገባ ቅባት አሸሽልኝ፣ ከሁለት ቀን በኋላ «አልመዘገብም» አልሽኝ። አንዱ ከሌላው ጋር ይገናኝ አይገናኝ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ቅባቱን ስታሺልኝ ምን እያሰብኩ እንደነበር አውቃለሁ።

መምህርትሽ የነገሩኝ ይህ ነው። ድጋሚ ፈተና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ እሱም ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ምዝገባው ላይ ተፈታኟ ራሷ ቀርባ መፈረም አለባት። ሰው ልኬልሽ፣ ወይም እኔ ሄጄ የምፈርምልሽ ነገር አይደለም፤ ጠይቄአለሁ። የማዶው ሆስፒታልም ቦታሽን ከወሩ መጨረሻ አያሳልፍም። ከነገ ስድስት ሰዓት በኋላ እኔ ሺህ ጊዜ ብናዘዝ ለአንቺ ምንም አይጠቅምሽም።

አሁን ደብተርሽን አውጪና በኔ ምክንያት የሰረዝሽውን መልሺ። እነዚህ አሥሩ ሴቶች ናቸው፣ ቀይ ናቸው፦ ላ ሳንግሬ ደም፣ ላ ፊዬብሬ ትኩሳት፣ ላ ቶስ ሳል፣ ላ ፒዬል ቆዳ፣ ላ ናሪስ አፍንጫ፣ ላ ሌቼ ወተት፣ ላ ሳል ጨው፣ ላ ያቤ ቁልፍ፣ ላ ሉስ ብርሃን፣ ላ ፓሬድ ግድግዳ። እነዚህ አራቱ ደግሞ ወንዶች ናቸው፦ ኤል ፒዬ እግር፣ ኤል ዲዬንቴ ጥርስ፣ ኤል ሐቦን ሳሙና፣ ኤል ሬሎሕ ሰዓት። የኔን ቃል እንዳታምኚ ብዬ መምህርትሽ አንድ በአንድ አይተው ከጎኑ ፈርመውበታል። ፊርማቸውን ታውቂዋለሽ። ሌላው መቶ ስድስቱ እንዳለ ትክክል ነው። ያ ሁሉ በጭንቅላትሽ ውስጥ አለ፤ አሥራ አራቱም ነበሩ፣ እኔ ነኝ ያስወጣኋቸው። ሰኞ መጀመሪያ የመጣልሽን ተናገሪና ዝም በዪ።

ስለ አምስቱ ዓመት። አውቄዋለሁ፣ ስለዚህ ከእንግዲህ መሸከም የለብሽም። ስላታለልሽኝ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን አንቺ የዋሸሽኝ እኔ እንዳላዝን ነው፣ እኔ የዋሸሁሽ አንቺ እንዳትሄጂ ነው፣ ሁለቱን አንድ ሚዛን ላይ ላስቀምጣቸው አልችልም። ብቻ ከዚህ በኋላ ለኔ ብለሽ ዓመት አትቀንሺልኝ። አምስት ከሆነ አምስት በዪኝ። አነክስ እንደሆነም አታጣሪ፤ ከዛሬ ጀምሮ አላነክስም።

እስከ ሰኞ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ፍራሽ ወስጃለሁ። ቤቱ ያንቺ ነው፣ ፊቴን ሳታዪ አጥኚ። ራት ትበላ ይሆን እያልሽ እንዳታስቢ፤ ዳቦና ሻይ አላጣም። ልትሰድቢኝ ብትፈልጊ ደግሞ ከፈተናው በኋላ ነይ። ያኔ እስከፈለግሽው ድረስ ተቆጪ፣ እኔ እንደሆነ አልሄድም። ልታናግሪኝ ባትፈልጊም ይገባኛል። ትንሽ ሳለሽ ሳቆላምጥሽ «ና እስቲ አባቴ፣ የኔ ጌታ» እያልኩ እንደ ወንድ እጠራሽ ነበር፣ ሰው ይስቅብን ነበር። ስቆጣሽ ብቻ ነበር «አንቺ» የምልሽ። ይህን ደብዳቤ ግን ከላይ እስከ ታች «አንቺ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። ቁጣ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ላቆላምጥሽ አፍሬ ነው።

የምጽፈው ዛሬ ተመልሼ መጥቼ መምህርትሽ ክፍል ውስጥ፣ በተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። እሳቸው መስኮቱ ጋ ሆነው የተማሪ ወረቀት ያርማሉ፣ አያናግሩኝም። ስጨርስ ደብዳቤውን ለሳቸው እሰጣለሁ፤ ከፈረቃ ስትወጪ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ጠብቀው እጅሽ ላይ ሊያስቀምጡልሽ ቃል ገብተውልኛል። ለምን ራስህ አትሰጣትም ትዪ ይሆናል። እኔ ከዚህ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ያለውን መንገድ አላምነውም። አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ከአሁን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሳልመለስ አልቀርም። «አንድ ቃል ላርም» እላቸዋለሁ፣ «ቀን ተሳስቻለሁ» እላቸዋለሁ፣ ምናልባትም አለቅስባቸዋለሁ። ቢሆንም እንዳይሰጡኝ፣ በሩን እንኳ እንዳይከፍቱልኝ ለምኛቸዋለሁ።

ይህን እያነበብሽ ከሆነ አልከፈቱልኝም ማለት ነው። ሂጂና ፈርሚ።

አባትሽ